ዐሥረኛው ቅጽ ላይ ቆሜያለሁ፤ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የሌሊት አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሮበርት ጆርዳንን ባለ ብዙ ቅጽ ምናባዊ ልቦለድ «ዊል ኦፍ ታይም» ማንበብ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቅጾች እንቅልፍ እያጣሁ ጨረስኋቸው፤ ከሰባተኛው በኋላ ግን ገጹን ሳልገልጥ የሚመጣውን ማወቅ ጀመርኩ። ናይኒቭ የምትባለዋ ገጸ ባሕርይ ከተናደደች የጸጉር ጉንጉኗን ትጎትታለች፤ ወንዶቹ ስለ ሴቶቹ፣ ሴቶቹም ስለ ወንዶቹ በዚያው በለመድነው ቃል ያማርራሉ፤ ዋነኞቹን ጀግኖች የቱንም ያህል ጦር ቢከባቸው እንደማይሞቱ ልቤ ያውቀዋል። አሁን ዕልባቴ ዐሥረኛው ቅጽ ገጽ 200 ላይ ከተቀመጠ ሁለት ወር አለፈው። እንዲህ የደረሰባችሁ ካላችሁ ታግሣችሁ ጨረሳችሁት ወይስ ተዋችሁት? እባካችሁ መጨረሻውን ሳታወጡብኝ መልሱልኝ።

የድሮ ደንበኛ፦
የቆሙበት ቦታ ብዙዎቻችን የቆምንበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዘጠነኛው ቅጽ ከተከታታዩ ታላላቅ ክንውኖች በአንዱ ይዘጋል፤ በ2003 የወጣው ዐሥረኛው ግን አብዛኛውን ገጹን የሚያጠፋው ያ ነገር ሲፈጸም ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት የት እንደነበሩ በመተረክ ነው። ሠርጉ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ዕድምተኛ ከቤቱ እንዴት እንደወጣ እንደመስማት ያለ ነው። በ1998 በወጣው ስምንተኛው ላይ የተጠለፈችው የጀግናው የፔሪን ሚስት ነገር እንኳ እልባት የሚያገኘው በ2005 በወጣው ዐሥራ አንደኛው ነውና፣ እንዴት እንደሆነ ባልነግርዎትም፣ እኛ በየጊዜው እንደወጣ የምናነብ ሰዎች ሰባት ዓመት ጠብቀናል። እርስዎ ግን ዐሥረኛውን በፍጥነት እየዘለሉ ማለፍ ይችላሉ። ዐሥራ አንደኛው ደራሲው ራሱ የጨረሰው የመጨረሻው ቅጽ ነው፤ ግስጋሴውም ይመለሳል። ጆርዳን በ2007 ካረፈ በኋላ ብራንደን ሳንደርሰን የተባለ ሌላ ደራሲ በተወለት ማስታወሻ ተመርቶ የቀሩትን ሦስት ቅጾች እስከ 2013 አጠናቋል።

የተረት ልጅ፦
በአንድ ነገር አልስማማም፤ መጨረሻውን ማወቅ በራሱ አያሰለችም። አያቴ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን የምንቀበላት ጦጣዋ በመጨረሻ እንደምታመልጥ ጠንቅቀን እያወቅን ነበር፤ እንዲያውም አንዲት ቃል ከቀየረች እንቆጣት ነበር። የሚያሰለቸው፣ ጀግናው ከአደጋው ሲወጣ ምንም ሳያጣ፣ ምንም ሳይለወጥ የሚወጣ ሲሆን ነው። በሌላ በኩል አንባቢውን ማስደንገጥም መድኃኒት አይደለም። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን በ1996 በወጣው የተከታታዩ የመጀመሪያ ቅጽ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ ዋና የመሰለንን ሰው ገድሎ በየገጹ እንድንሰጋ አድርጎናል፤ ዳሩ ግን አምስተኛው ቅጽ በ2011 ከወጣ ወዲህ ስድስተኛውን ስንጠብቅ ከዐሥር ዓመት በላይ አልፎናል። ያን ሁሉ በር የከፈተ ሰው መዝጋቱ ሳይከብደው አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስምንተኛው ላይ የቀረሁ፦
እኔ ያለ አንዳች ጸጸት ተውኩት። የምወደው ገጸ ባሕርይ ማት ነበር፤ ስምንተኛውን ቅጽ እስከ መጨረሻው ገጽ ፈልጌ ጭራሽ ሳይመጣ ሲቀር ከደራሲው ጋር ተኳረፍን። አሁን ልጄ አራተኛው ላይ ደርሶ እራት እየበላ ጭምር ያነባል፤ ምን እንደሚጠብቀው ስለማውቅ ዝም ብዬ እንጀራውን አቀርብለታለሁ።

የሌሊት አንባቢ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የድሮ ደንበኛ እንደመከሩኝ የየምዕራፉን መግቢያና መውጫ ብቻ እያነበብኩ ዐሥረኛውን በሁለት ምሽት አገባደድኩት። ማትና ቱኦን አብረው የሚጓዙባቸውን ምዕራፎች ግን መዝለል አቅቶኝ ቃል በቃል አንብቤያቸዋለሁ። ስምንተኛው ላይ የቀሩት ወዳጃችን ኩርፊያው ከበረደላቸው እነዚያን ብቻ እንኳ ገልጠው ቢያዩ ደስ ይለኛል። እኔ ዛሬ ማታ ዐሥራ አንደኛውን እጀምራለሁ።