ነገ ኮንሰርት አለን፣ ስፒከሩ ማጉረምረሙን አላቆም አለ፤ እባካችሁ ድረሱልኝ

ጠያቂ፦ ጣና ዳር (ማታ 2:40)
ሰላም ለዚህ ቤት። ነገ መጋቢት 24 የኦቲዝም ቀን ስለሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ ግቢ ኮንሰርት አዘጋጅተናል። ገቢው በኦቲዝም ለሚሠቃዩ ልጆች ቴራፒ የሚውል ነው፤ ትኬቱ አልቋል። ዛሬ ሳውንድ ቼክ ስናደርግ ግን ማንም ሳይጫወት ሁሉም ስፒከር «እምምምም» ይላል። ማስተሩን (የሁሉንም ድምፅ የሚቆጣጠረውን ቁልፍ) ስቀንሰው ይቀንሳል፣ ስጨምረው ይጨምራል። ኬብል ቀየርን፣ ያው ነው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ኪቦርድ፣ ከበሮና አምስት ማይክ አለ፤ ከላፕቶፕም ሙዚቃ እንለቃለን። የእህቴ ልጅ 7 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ድምፁን ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ወደ በሩ ሮጠ። ለእኛ ትንሽ ድምፅ ናት፣ ለእሱ ግን አይደለችም። ምን ላድርግ?

ቀበሌ 14 (2:52)
አርዙን (ያፈተለከ መብራት ወደ መሬት የሚወርድበትን መስመር) ዝጋው። የኪቦርዱ ሶኬት ጎን ላይ ያሉትን ብረቶች በፕላስተር ጠቅልለህ ሰካ። ሰርግ ላይ ሁሌ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

መምህር (3:01)
ስለ ሳውንዱ ሌሎች ይንገሩህ። እኔ ግን አንድ ነገር ልበልህ ወንድሜ፤ «በኦቲዝም የሚሠቃዩ» አትበል፣ ነገ መድረክ ላይም እንዳይባል። ኦቲዝም የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው፤ አብሮ ይወለዳል፣ አይተላለፍም፣ የእርግማንም ጉዳይ አይደለም። ቴራፒውም ልጁን ሌላ ሰው ለማድረግ አይደለም። የሚፈልገውን እንዲናገር ወይም በሥዕል እንዲያመለክት፣ ልብሱን እንዲለብስ፣ ሲጨንቀው ራሱን እንዲያረጋጋ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አዲስ አበባ ላይ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ወላጆች ልጆቻቸውን ቤት ደብቀው ያሳድጉ ነበር። እሷ የራሷን ልጅ ይዛ አደባባይ ወጣች። ነገ ማይክ የሚይዘው ሰው ይህን ቢናገር ከአንድ ዘፈን ይበልጣል።

ፔዳ ግቢ (3:04)
አርዙን ዝጋ የተባለው ይሠራል፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። ፕላስተር ብቻ ነው የሚያስፈልግህ።

ኤሌክትሪሻን (3:10)
እባክህ እንዳታደርገው! አርዝ ከተዘጋ ኪቦርዱ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ 220 ቮልት የሚሄድበት የለውም፣ ሰው ይጠብቃል። ክራር ተጫዋቹ ክሩን በእጁ ይዞ አፉን ማይኩ ላይ አድርጎ ይቆማል፣ እግሩ ደግሞ የሐይቅ ዳር እርጥብ ሣር ላይ ነው። ሰርግ ላይ እስካሁን ሰው አለመሞቱ እግዜር ይመስገን። ይልቅ አንድ ያልነገርከን ነገር አለ፤ መብራቱ ከየት ነው የመጣው?

ጠያቂ፦ ጣና ዳር (3:16)
ረስቼው ነው። ትናንት መብራት ስለጠፋ ጀነሬተር ተከራይተን መድረኩን እሱ ላይ አደረግነው። ሚክሰሩ (የማይኩንና የመሣሪያውን ድምፅ ሁሉ የሚያቀላቅለው) ከሰዉ ኋላ ስለሆነ ከቤቱ ሶኬት ነው። ልዩነት አለው?

ድባንቄ (3:18)
እኔ ደግሞ ከዓባይ መውጫ ጉማሬ መጥቶ መስሎኝ ነበር 😀 ለማንኛውም የማይክ ኬብሉንና የመብራት ገመዱን አብራችሁ አስራችሁ ዘርግታችሁ ከሆነ ለያዩዋቸው። መሻገር ካለባቸው በመስቀል ይሻገሩ፣ ጎን ለጎን አይሂዱ።

የአንድ ልጅ እናት (3:25)
ወንድሜ ልፋታችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። ግን ልጠይቅህ፤ ስፒከሩ ቢስተካከልስ ልጆቹ የት ይቀመጣሉ? ልጄ 9 ዓመቱ ነው። አምና ለእሱ ተብሎ በተዘጋጀ ዝግጅት 10 ደቂቃ አልቆየንም፣ ባጃጅ ይዘን እያለቀሰ ተመለስን። ስለ ልጆቹ ተዘፍኖ ልጆቹ ውጭ ከቀሩ ልቤ ይሰበራል።

ጠያቂ፦ ጣና ዳር (3:31)
እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ፊት ወንበር ነበር የያዝንላቸው፣ ክብር መስሎን።

የአንድ ልጅ እናት (3:38)
ፊት አይሁን። ከኋላ፣ በሐይቁ በኩል፣ ከፈለጉ በቀላሉ የሚወጡበት ይሁን። ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፉ፣ ማንም እየመጣ «እሰይ ጎበዝ» እያለ አይንካቸው። ለግንባታ ሠራተኛ የሚሸጠው የጆሮ መከላከያ ካገኛችሁ አምስት ስድስት ግዙ። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይቅር። ከተቻለ ደግሞ ጠዋት ባዶውን ግቢ አይተውት ይሂዱ፤ የእኔ ልጅ አስቀድሞ ያየው ቦታ አያስፈራውም።

ሳውንድ 12 ዓመት (3:50)
አሁን ነው ያየሁት። ችግርህ እሱ ነው፣ ሁለት ቦታ መሰካትህ። የጀነሬተሩ አርዝና የቤቱ አርዝ እኩል አይደሉም፤ በኪቦርዱ ኬብል በኩል ይገናኙና በመካከላቸው ያለው ልዩነት «እምም» ሆኖ ይሰማል። ማስተሩን ስትቀንስ መቀነሱም የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ድምፁ ስፒከሩ ጋ አልተፈጠረም፣ ወደ ሚክሰሩ ነው የገባው።

ጠዋት ረጅም ኤክስቴንሽን ከመድረኩ ወደ ኋላ ጎትትና ሚክሰሩን መድረኩ ካለበት ከዚያው ጀነሬተር ስካ። ሚክሰር ብዙ ኃይል አይበላም፣ አትፍራ። ከዚያ ሁሉንም ቻናል ዝጋና አንድ በአንድ ክፈት። ላፕቶፑ ላይ ከጮኸ ቻርጀሩን ንቀል፣ በባትሪ ይሥራ። ኪቦርዱና ክራሩ ላይ ከጮኸ ዲአይ ቦክስ (በመሣሪያውና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ሳጥን) ተዋስ፤ ተጫዋቹ እግር ሥር አስቀምጠህ ግራውንድ ሊፍት የምትለውን ቁልፍ ጫን። እሷ የምትቆርጠው የድምፅ ኬብሉን ግራውንድ ነው፣ የመብራቱ አርዝ አይነካም፤ ስለዚህ ከፕላስተሩ ጋር አንድ አይደለም።

ስለ ልጆቹ እህታችን ያለችው ልክ ነው። ክፍት ቦታ ላይ ከስፒከሩ ያለህ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። 5 ሜትር ላይ የነበረን ልጅ 20 ሜትር ላይ ብታስቀምጠው 12 ቀነሰለት ማለት ነው። ስፒከሮቹም ወደ ምንጣፉ አይዙሩ። የመጀመሪያውን ዘፈን በዝግታ ጀምሩት፣ በከበሮ አትክፈቱ።

ቀበሌ 14 (3:58)
እኔ ግን አሁንም ፕላስተሩ ይቀላል እላለሁ።

ኤሌክትሪሻን (4:00)
ይቀላል፣ ይገድላልም። ተወው ወንድሜ።

ጠያቂ፦ ጣና ዳር (4:06)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤክስቴንሽን 50 ሜትር አለኝ። ዲአይ ቦክስ ግን የለኝም፤ ባሕር ዳር ውስጥ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚያውሰኝ ሰው አለ? ምንጣፉን እህቴ ታመጣለች።

ሳውንድ 12 ዓመት (4:09)
ሁለት አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ራሴ ይዤ እመጣለሁ።

የአንድ ልጅ እናት (በማግስቱ፣ 7:30)
ጠዋት መጥተን ግቢውን አይተናል፣ ሐይቁን ሲያይ ቆየ። ማጉረምረሙ ቆሟል? ልጄን ላለብሰው ነው።