የጢስ ዓባይ ውኃ ነጭ ወረቀት ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እሑድ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ወርጄ ነበር። ፏፏቴው እንደ ተባዘተ ጥጥ እንዲለሰልስልኝ ካሜራዬን ድንጋይ ላይ አስደግፌ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1 ሰከንድ ባደርገው፣ ምስሉ ነጭ ወረቀት ሆኖ ቁጭ አለ። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) በጣም ጠብቦ ኤፍ 22 ነው፤ ከዚህ ወዲያ የምቀንሰው የለኝም። ሰዓቱ ቀትር፣ 6 ሰዓት ነበር።

በዚያ ላይ ጢሱ (ስሙን ያወጡለት ሰዎች አልተሳሳቱም!) ሌንሱን ያረጥብብኛል። በነጠላ ጫፍ ብጠርገው የጥጡ ብናኝ ተለጥፎ ባሰበት።

ብርሃን የሚቀንሰውን ጥቁር ፊልተር (ኤንዲ የሚባለውን፤ ቁጥሩ ብርሃኑን ስንት እጥፍ እንደሚቀንስ ነው) ለመግዛት አስቤያለሁ፤ የሌንሴ አፍ 58 ሚሊሜትር ነው። ኤንዲ 64 ይበቃኛል ወይስ ኤንዲ 1000 ይሻላል? እስኪገኝ ድረስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብሄድስ? ጠብታውንስ በምን ትጠርጋላችሁ? የምታውቁ እባካችሁ።