ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 ካሳደግን በኋላ ራሳችን ኮምፓይል ያደረግነው ቴሰራክት አልነሳ አለ

ደብረማርቆስ_ስካን፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ የድሮ የአማርኛና የግእዝ የታተሙ መጻሕፍትን ስካን እያደረግን ወደ ጽሑፍ የምንቀይርባቸው ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ በፓኬጅ የሚመጣው ቴሰራክት (የገጽ ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም) 4.1.1 ስለነበረ ሌፕቶኒካ 1.82ን (ቴሰራክት የሚጠቀምበትን የምስል ላይብረሪ) እና ቴሰራክት 5.3.0ን ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል አድርገን /ዩኤስአር/ሎካል ውስጥ ነበር የጫንናቸው። አንዱን ኮምፒውተር ወደ 24.04 አሳደግነው። አሁን ቴሰራክት ሲጠራ «ሊብቲፍ.ሶ.5ን መክፈት አልተቻለም» ብሎ ይቆማል። ለማሠልጠኛ የምንጠቀምበት ቴክስት-ቱ-ኢሜጅ ደግሞ ሊብአይሲዩዩሲ.ሶ.70 የለም ይላል።

ቴሰራክትን በአፕት (በኡቡንቱ የፓኬጅ መጫኛ) ብንጭንም ስህተቱ ያው ነው። ሙሉ መንገዱን /ዩኤስአር/ቢን/ቴሰራክት ብለን ስንጠራውም ለውጥ የለም። ገጾቹን በተራ የሚያስገባው የፓይተን ስክሪፕትም አልነሳ ብሏል።

ሊብቲፍ.ሶ.6 ስላለ «ሊብቲፍ.ሶ.5» የሚል ሊንክ ብንሠራለት ይበቃል? ወይስ /ዩኤስአር/ሎካልን ጠርገን እንደ አዲስ እንጀምር? በድሮ የማተሚያ ቤት ፊደል ያሠለጠንነው የቋንቋ ፋይል እዚያው ስላለ እሱ እንዳይጠፋ ሰግተናል። ኢንተርኔቱም ደካማ ነው።

ጮቄ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አታድርጉ። ከሁሉ በፊት /ዩኤስአር/ሎካል/ሼር/ቴስዳታ ውስጥ ያሉትን መጨረሻቸው «ትሬይንድዳታ» የሆኑ ፋይሎች በሙሉ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ፕሮግራሙን በአንድ ሰዓት መልሳችሁ ታገኙታላችሁ፤ ያሠለጠናችሁት ፋይል ግን ከጠፋ መልሶ የሚሰጣችሁ የለም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸውን የኮድ ፋይሎች) በስምና በቁጥር ጽፎ ይይዛል። የእናንተዎቹ «ሊብቲፍ፣ ቁጥር 5» ብለው ጽፈዋል፤ 24.04 የያዘው ግን ቁጥር 6 ነው። አፕግሬዱ ሊያልቅ ሲል «ጊዜ ያለፈባቸው ፓኬጆች ይወገዱ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ አዎ ሲባል ሊብቲፍ 5 እና አይሲዩ 70 (ሊብአይሲዩዩሲ የእሱ ክፍል ነው) አብረው ይሄዳሉ። በፓኬጅ የመጡት ፕሮግራሞች ከአዲሶቹ ጋር ተስማምተው ስለሚተኩ አይጎዱም። የእናንተን ግን አፕት አያውቀውም።

ስለ ሊንኩ፦ ቁጥሩ የሚለወጠው ላይብረሪው ለፕሮግራሞች የገባው ውል ሲለወጥ ነው። አይሲዩ ላይ በግልጽ ይታያል፤ እያንዳንዱ ተግባር ስሙ ላይ የስሪቱን ቁጥር ይለጥፋል። ፕሮግራማችሁ መጨረሻው _70 የሆነውን ይፈልጋል፣ አዲሱ ላይብረሪ ውስጥ ግን ሁሉም _74 ነው። ስለዚህ ሊንኩን ብትሠሩ «ፋይሉ የለም» የሚለው ስህተት «ተግባሩ የለም» በሚል ይተካል እንጂ አይነሳም። ሊብቲፍ ላይ ምናልባት ይነሳ ይሆናል፤ ሺህ ገጽ የሚያነብን ነገር በምናልባት ላይ ማቆም ግን ልክ አይደለም።

በአፕት የጫናችሁትም ያልሠራው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስሙን ብቻ ስትጽፉ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ቀድሞ ስለሚታይ የሚነሳው አሮጌው ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ላይብረሪ ሲፈለግም /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ይቀድማል። ስለዚህ አዲሱን በሙሉ መንገዱ ብትጠሩትም ሊብቴሰራክት.ሶ.5 እና ሊብሌፕት.ሶ.5 የሚላቸውን ከእናንተው አሮጌ ፎልደር ያነሣል፤ ቁጥራቸው አንድ ነውና። እነሱ ደግሞ ሊብቲፍ 5ን ይጠይቃሉ፤ ዞሮ እዚያው።

/ዩኤስአር/ሎካል/ቢን እና /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ ባለው እያንዳንዱ ፋይል ላይ ኤልዲዲ የሚለውን ትዕዛዝ እያስኬዳችሁ «ኖት ፋውንድ» የሚለውን መስመር ብቻ አውጡ። ቴሰራክት ብቻ ሳይሆን ሌላም የተሰበረ ነገር ካለ ያኔ ይታያል። የጎደለውን የጠየቀው የትኛው ፋይል እንደሆነ ለመለየት ሪድኤልፍ -ዲ ተጠቀሙና «ኒዲድ» የሚሉትን መስመሮች እዩ፤ ኤልዲዲ በተዘዋዋሪ የመጣውንም ደባልቆ ነው የሚያሳየው።

የእኔ ምክር፦ አሁን ኮምፓይል ማድረግ አያስፈልጋችሁም። 24.04 ላይ በፓኬጅ የሚመጣው ቴሰራክት 5.3.4 ነው፣ ከእናንተው ይበልጣል። ቴክስት-ቱ-ኢሜጅን ጨምሮ የማሠልጠኛ መሣሪያዎቹም እዚያው ፓኬጅ ውስጥ አሉ። ሌፕቶኒካውም ያው 1.82 ነው። የድሮው ሶርስ ፎልደር ካለ መጀመሪያ የቴሰራክቱ ውስጥ፣ ከዚያ የሌፕቶኒካው ውስጥ ገብታችሁ «ሱዶ ሜክ አንኢንስቶል» በሉ። ከሌለ በእጅ አጥፉ፦ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ በሊብቴሰራክት እና በሊብሌፕት የሚጀምሩትን፣ ኢንክሉድ ውስጥ ቴሰራክት እና ሌፕቶኒካ የሚባሉትን ፎልደሮች፣ ፒኬጂኮንፊግ ውስጥ ያሉትን ሁለት ፋይሎች፣ ቢን ውስጥ ያሉትን ፕሮግራሞች። ኢንክሉዱንና ፒኬጂኮንፊጉን አትርሱ፤ ከቀሩ ወደፊት ኮምፓይል ስታደርጉ የአሮጌው ሄደር (ኮምፓይል ሲደረግ የሚነበበው የላይብረሪው መግለጫ) ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር ይደባለቃል። ከዚያ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ»፣ ተርሚናሉ ላይ ደግሞ «ሃሽ -አር»፤ ባሽ የድሮውን መንገድ ስለሚያስታውስ ያጠፋችሁትን ፋይል ሲፈልግ ይገኛል።

ዓባይ_ማዶ፦

ጮቄ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ5.3.0 ግማሽ የደረሰ መጽሐፍ ካላችሁ መሀል ላይ ስሪት መቀየር አልደግፍም። የአነባበብ ልዩነት ትንሽም ቢሆን ካለ በኋላ የሚያርመው ሰው ነው የሚቸገረው፤ የተለመደው የስህተት ዓይነት ይለወጥበታል። የጀመራችሁትን በዚያው ስሪት ጨርሱ።

ለጊዜው ብቻ ማስነሣት ከሆነ፦ ገና ካላደገው 22.04 ኮምፒውተር ላይ «አፕት-ጌት ዳውንሎድ» ብላችሁ ሊብቲፍ5ንና ሊብአይሲዩ70ን አውርዱና በፍላሽ አምጡ። አትጫኗቸው። ዲፒኬጂ-ዴብን በ-ኤክስ /ኦፕት/አሮጌ-ላይብረሪ የሚባል ፎልደር ውስጥ ዘርግፏቸው፣ ከዚያ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ የሚለውን ተለዋዋጭ እዚያ ውስጥ የ.ሶ ፋይሎቹ ወዳሉበት ንዑስ ፎልደር አመልክታችሁ ቴሰራክትን ጥሩት። ተለዋዋጩን ባሽአርሲ ውስጥ አታስገቡት፤ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ አሮጌውን ላይብረሪ ያነሣና ይታመማል። በአንዲት አጭር ስክሪፕት ውስጥ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ይሁን። የደኅንነት እርማት የማይደርሰው ላይብረሪ ስለሆነም መጽሐፉ ሲያልቅ ፎልደሩን አጥፉት።

በቋሚነት ራሳችሁ ኮምፓይል ማድረግ ከፈለጋችሁ /ዩኤስአር/ሎካልን ተዉትና «--ፕሪፊክስ=/ኦፕት/ቴሰራክት-5.3.0» በሉ፣ ኤልዲፍላግስ ላይም የዚያን ፎልደር ሊብ በአርፓዝ (ፕሮግራሙ ውስጥ በሚጻፍ የላይብረሪ መፈለጊያ መንገድ) ስጡት። እንዲህ ሲሆን ከአፕቱ ጋር አይጋጭም፣ ማጥፋት ሲያስፈልግም አንድ ፎልደር መሰረዝ ነው። በአፕት የሚያስፈልገው፦ ጂ++፣ ሜክ፣ አውቶሜክ፣ ሊብቱል፣ ፒኬጂ-ኮንፊግ፣ ሊብሌፕቶኒካ-ዴቭ፤ ለማሠልጠኛው ሊብአይሲዩ-ዴቭ፣ ሊብፓንጎ1.0-ዴቭ እና ሊብካይሮ2-ዴቭ። ቅደም ተከተሉ አውቶጄን፣ ኮንፊገር፣ ሜክ፣ ሜክ ትሬኒንግ፣ ከዚያ ሁለቱ ኢንስቶሎች።

የድሮውን የግንባታ ፎልደር ግን አትጠቀሙበት፤ ውስጡ ያሉት ፋይሎች በአሮጌው ሄደር የተሠሩ ናቸውና ሜክ «አልቋል» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ታሩን (የታሸገውን የሶርስ ፋይል) እንደ አዲስ ፍቱት። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ «ሜክ -ጄ2» ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ማሽኑ ይታነቃል። መብራት መሀል ላይ ከሄደ ሜክን እንደገና ማስኬድ ይቻላል፤ ግን በዚያች ደቂቃ ይጻፍ የነበረው የኦ ፋይል (ኮምፓይል የተደረገ ቁራጭ) ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ሜክ ቀኑን ብቻ አይቶ ያለቀ ይመስለዋል፣ መጨረሻ ላይ ሲያገናኝ «ፋይሉ ተቆርጧል» ይላል። ስሙ የተጠራውን ፋይል ብቻ አጥፍቶ ሜክን መድገም ነው።

ደግሞ የ24.04 ኮምፓይለር ጂሲሲ 13 ነው። ሌላ የቆየ የሲ++ ፕሮግራም ስትሠሩ «ዩኢንት32_ት ዓይነት አይደለም» የሚል ስህተት ቢበዛባችሁ ኮዱ አልተበላሸም፤ ሲኤስቲዲኢንት የሚባለውን ሄደር ድሮ በሌሎች ሄደሮች በኩል ሳይጠራ ያገኘው ስለነበረ ነው። ሲኤክስኤክስፍላግስ ላይ «-ኢንክሉድ ሲኤስቲዲኢንት» መጨመር ያልፈዋል።

ደብረማርቆስ_ስካን፦

እግዜር ይስጥልን። በእጃችን ያለቀ መጽሐፍ ስለነበረ የጮቄን መንገድ ያዝን። አሁን ኤልዲዲ ንጹሕ ነው፣ ስሪቱም 5.3.4 ይላል። የቋንቋ ፋይላችንን በቤታችን ፎልደር አድርገን በ--ቴስዳታ-ዲር ስንጠራው ተራ ጽሑፍ ያወጣል። ፒዲኤፍ አውጣ ስንለው ግን «ፒዲኤፍ የሚለውን መክፈት አልቻልኩም» ይላል። ፓይተኑም እንደቆመ ነው።

ቡሬ_ሊኑክስ፦

ፒዲኤፍ የሚለው ቃል የአንዲት ትንሽ የቅንብር ፋይል ስም ነው። ቴሰራክት የሚፈልጋት ቴስዳታ ፎልደሩ ውስጥ «ኮንፊግስ» ከሚባለው ንዑስ ፎልደር ነው። የእናንተ ፎልደር የቋንቋ ፋይል ብቻ ስላለው አላገኛትም። ከ/ዩኤስአር/ሼር/ቴሰራክት-ኦሲአር/5/ቴስዳታ ውስጥ ኮንፊግስ የሚለውን ፎልደርና ፒዲኤፍ.ቲቲኤፍ የሚለውን ፋይል ወደ እናንተው ገልብጡ። የፓኬጁ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥም ይቻላል፣ ያኔ ግን ስሙን ከፓኬጁ የአማርኛ ፋይል የተለየ አድርጉት፤ ማሻሻያ ሲመጣ እንዳይጻፍበት። ባሽአርሲ ውስጥ ቴስዳታ_ፕሪፊክስ የሚል መስመር ካለም አሁኑኑ አውጡት፤ ወደ ሌለ ፎልደር እያመለከተ «ቋንቋው አልተጫነም» ያሰኛችኋል።

ፓይተኑ፦ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (የስክሪፕቱ ፓኬጆች ለብቻ የሚቀመጡበት ፎልደር) የራሱ ፓይተን የለውም፣ ወደ ሲስተሙ ፓይተን የሚያመለክት ሊንክ ነው። 22.04 ላይ 3.10 ነበር፣ 24.04 ላይ 3.12 ነው፤ ሊንኩ ወይ 3.12ን ያነሣል ወይ ባዶ ቦታ ላይ ቀርቷል፣ ፓኬጆቹ ግን በ3.10 ፎልደር ውስጥ ስለሆኑ አይታዩትም። መጠገን አይቻልም፣ እንደ አዲስ ይሠራል። ፒፕ ፍሪዝ (የተጫኑትን ፓኬጆች የሚዘረዝረው ትዕዛዝ) ስለማይነሳላችሁ ዝርዝሩን ከአሮጌው ሊብ/ፓይተን3.10/ሳይት-ፓኬጅስ አንብቡት፤ መጨረሻቸው «ዲስት-ኢንፎ» የሆኑ ፎልደሮች ስምና ስሪት ይዘዋል። ከዚያ ፓይተን3-ቬንቭን በአፕት ጭናችሁ አዲሱን በሌላ ስም ፍጠሩ።

ከኢንቫይሮንመንቱ ውጭ በፒፕ ልጫን ብትሉ ሲስተሙ ይከለክላችኋል። ክልከላውን የሚያልፍ ምርጫ ይነግራችኋል፣ አትጠቀሙበት፤ የኡቡንቱን የራሱን መሣሪያዎች ሊያበላሽ ይችላል። ዲስትዩቲልስ የሚባለውም ከ3.12 ስለወጣ «ዲስትዩቲልስ የለም» የሚል ካለ ኢንቫይሮንመንቱ ውስጥ ሴታፕቱልስን ጫኑ። ኢንተርኔት ደካማ ከሆነ ባሕር ዳር ያለ ሰው በ«ፒፕ ዳውንሎድ» አውርዶ በፍላሽ ይላክላችሁና በ--ኖ-ኢንዴክስ እና በ--ፋይንድ-ሊንክስ ትጭናላችሁ፤ እሱም ግን 3.12 ላይ ሆኖ ያውርድ። ፒሎው (የፓይተን የምስል ላይብረሪ) ለእያንዳንዱ የፓይተን ስሪት ለየብቻ ነው የሚዘጋጀው፣ የ3.10ሩ አይገባላችሁም።

ደብረማርቆስ_ስካን፦

ፒዲኤፉ ወጣ፣ ፓይተኑም ተነሳ። አንድ የመጨረሻ፦ ሌሎቹ ሁለቱ ገና 22.04 ላይ ናቸው። ከዚህኛው ላይ /ኦፕት ውስጥ ኮምፓይል አድርገን ወደ እነሱ መገልበጥ እንችላለን?

ዓባይ_ማዶ፦

አትችሉም፤ በተቃራኒው ነው የሚሆነው። 24.04 ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች ሁሉ የሚመረኮዙበት የሲስተሙ መሠረታዊ ላይብረሪ) 2.39 አለው፣ 22.04 ደግሞ 2.35። እዚህ የተሠራው እዚያ ሲሄድ «ጂሊብሲ_2.38 አልተገኘም» ብሎ ይቆማል፤ እሱን ለማለፍ ጂሊብሲን በእጅ መቀየር ደግሞ ማሽኑን ጨርሶ እንዳይነሳ ያደርገዋል። አሮጌው ላይ የተሠራ አዲሱ ላይ ጂሊብሲውን ያልፋል፣ ሊብቲፍና አይሲዩ ላይ ግን ያው ይያዛል። ሁለቱ እስኪያድጉ ድረስ ያላቸው 5.3.0 ይሥራ። ስታሳድጓቸው ግን አፕግሬዱን ከመጀመራችሁ በፊት፣ ሁሉም ነገር ገና በሚሠራበት ሰዓት፣ ፒፕ ፍሪዙን ወደ ፋይል አውጡ፣ የቋንቋ ፋይሎቹን ገልብጡ፣ «ሜክ አንኢንስቶል»ንም ያኔውኑ አድርጉት።