ስኖርክል ላስገጥም ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። የምነዳው አሮጌ የናፍጣ ላንድክሩዘር ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ገጠር ዕቃ አደርሳለሁ። ክረምት ሲገባ ድልድይ የሌላቸው ወንዞች ይሞላሉ። መካኒኬ «ስኖርክል ካላስገጠምክ ሞተሩን ትቀብረዋለህ» ይለኛል፤ ስኖርክል ማለት ሞተሩ አየር ከጣሪያው አካባቢ እንዲስብ ወደ ላይ የሚወጣ ቱቦ ነው። ወጪው ግን ኪስ ያራቁታል።

ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። በአየር መሳቢያው ገብቶ ሲሊንደር ውስጥ ከደረሰ ቢዬላ (የፒስተኑን ዘንግ) ያጣምማል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን የኔ መኪና አየር የሚስበው ከፍ ካለ ቦታ ነው። ውሃው እዚያ ሳይደርስ ጎርፉ ራሱ መኪናውን አይወስደውም? ደግሞስ የዲፈረንሺያሉና የካምቢዮው መተንፈሻ (ዘይት ያለበት ቤታቸው አየር የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት ቀዳዳ) በቱቦ ወደ ላይ ካልተራዘመ ስኖርክሉ ብቻውን ምን ይሠራል? ዘይቱ ውሃ ጠጥቶ ወተት መምሰሉ አይቀርም።

በበጋ አቧራ ይቀንሳል የሚሉም አሉ። እውነት ለመናገር ከጎርፉ ይልቅ ያጓጓኝ ይሄ ነው፤ የአየር ፊልትሮዬ ቶሎ ይታፈናል።

እኔ የምሻገረው ከጎማው ግማሽ የማያልፍ ውሃ ነው። ሲሞላ ቆሜ እጠብቃለሁ። በጎጃም ገጠር መንገድ የምትሠሩ ሾፌሮች፣ መተንፈሻዎቹን ብቻ ባስረዝም ይበቃኛል? አይ፣ አስገጥም ካላችሁኝ ደግሞ መገጣጠሚያው ውሃ እንዳያስገባ በምን እንደሚታሸግ ንገሩኝ። አደራ፣ ሐምሌ ሳይገባ።