ደረሰኝ አትቁረጪ ተብያለሁ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ። አለቃዬ ደንበኛው ካልጠየቀ ደረሰኝ እንዳልቆርጥ ይፈልጋል። እሱም አማኝ ነው፤ ስጠይቀው «አገራችን በሰማይ ነው» ብሎ ይቀልዳል። ጳውሎስ ግን ይህን የጻፈው ለፊልጵስዩስ ሰዎች ነው። እዚያው ከተማ ተገርፎ ሲታሰር ሮማዊነቱን ጠቅሶ ሹማምንቱን አስደንግጧል። ሮሜ 13 ላይም ግብር ክፈሉ ይላል። ስለዚህ የሰማይ ዜግነት ከምድሩ ሕግ ያስመልጣል ብዬ አላምንም።

ችግሬ ሌላ ነው። የእናቴ መድኃኒት የሚገዛው በደመወዜ ነው፤ ሥራ ማግኘት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። «ጸልዪ» እንዳትሉኝ፣ እየጸለይኩ ነው! እንዲህ የገጠማችሁ፣ አለቃችሁን ምን ብላችሁ ነገራችሁት? አሁኑኑ ልልቀቅ ወይስ ሌላ እየፈለግኩ ልቆይ? ከቆየሁስ፣ ነገ ደረሰኝ ያልጠየቀ ደንበኛ ሲመጣ ምን ላድርግ?