«ታይቶ አይታወቅም» ሐቅ ነው አስተያየት?

የሁለት ልጆች አባት፦
ጤና ይስጥልኝ። 11ኛ ክፍል ያለችው ልጄ፣ ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያደረጉትን ንግግር «ሐቅ» እና «አስተያየት» ብላ በሁለት ዓምድ እንድትከፍል ታዛለች። ደብተሯን ሳየው የመርዝ ጋዙን ነገር «አስተያየት» ሥር ከታዋለች። ለምን ስላት «ጣሊያን ክዶ የለ እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የሚፈለገው ለነገ ጠዋት ነው፣ እባካችሁ።

ጡረተኛ መምህር፦
ሰው ስለካደው አስተያየት አይሆንም። «ሰነድ ገልጬ፣ ምስክር ጠይቄ ላጣራው እችላለሁ ወይ?» ትበል። አውሮፕላኖች ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው መርዝ ረጩ ነው ያሉት። ይሄ ሐሰት ቢሆን እንኳ ሐሰትነቱ ይጣራል። ተጣርቷልም፦ የቀይ መስቀሉ ሐኪም ማርሴል ዡኖ ኮረም ላይ የተቃጠሉትን በዓይኑ አይቷል፤ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴርም በ1996 (በእነሱ አቆጣጠር) አምኗል። እኔ ብሆን ዓምዱን «ሐቅ» ሳይሆን «የሚጣራ» እለው ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ፦
አቋራጩን ልንገርዎ፤ ቅጽሎቹን ታክብብ። «አረመኔያዊ»፣ «ታላቅ»፣ «አሳፋሪ» ያለበት ሁሉ አስተያየት ነው።

ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ፦
ቀይ እስክሪብቶ፣ ይቅርታህንና በዚህ መንገድ ልጅቱ ትሳሳታለች። የንግግሩን መግቢያ እዩት። ጃንሆይ የአገር መሪ ራሱ በዚህ ጉባኤ ሲናገር ታይቶ አይታወቅም አሉ። ቀጥለው ደግሞ ሕዝብ እንዲህ ያለ ግፍ ተፈጽሞበት ለወራሪው ሊተው ሲል ታይቶ አይታወቅም አሉ። አነጋገሩ አንድ ነው፣ ሚዛኑ ግን ለየቅል። የመጀመሪያው የማኅበሩን መዝገብ ገልጦ ያልቃል። ሁለተኛው ውስጥ «እንዲህ ያለ ግፍ» አለ፤ ግፍን ከግፍ የሚመዝን መዝገብ ደግሞ የለም። ቅጽል ፍለጋ ብትሄድ ይሄ ያመልጣታል። እኔ ጉባኤ ስጽፍ የምቸገረው በእንዲህ ያለው ነው፤ ተናጋሪው አንዱን በሌላው ጀርባ ያሳልፈዋል፣ አዳራሹ ለሁለቱም እኩል ያጨበጭባል።

የሁለት ልጆች አባት፦
ጋሼ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የጋዙን አሻግራዋለች። «እግዚአብሔርና ታሪክ ፍርዳችሁን ያስታውሱታል» ያሉት ግን የት ይግባ? ከፈጣሪ መንግሥት በቀር በምድር ላይ ከሌላው የሚበልጥ አገር የለም ያሉትስ?

ጡረተኛ መምህር፦
ሁለተኛው እምነት ነው፣ ያለ ጥርጥር አስተያየት ሥር። የመጀመሪያው ትንቢት ነው፤ በተናገሩበት ቀን ማንም ሊያጣራው አይችልም። መምህሯ ሁለት ዓምድ ብቻ ካሉ አስተያየት ውስጥ ትክተተውና ጎኑ ላይ «ገና ያልሆነ ነገር» ብላ በእርሳስ ትጻፍበት።

የሁለት ልጆች አባት፦
ጻፈች። አሁን ደግሞ የማታውን ዜና ይዛ ተቀምጣ እኔን እየጠየቀችኝ ነው።