«አውፍሄቡንግ»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

በ1812 እ.ኤ.አ. መታተም የጀመረውን የጀርመናዊው ፈላስፋ የሄግል «የሎጂክ ሳይንስ» መጀመሪያ ምዕራፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «አውፍሄቡንግ» (Aufhebung) የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቃሉ የወጣበት ግስ በጀርመንኛ ከመሬት ማንሳትም፣ ሕግ መሻርም፣ ለኋላ ማስቀመጥም ነው። ሄግል የሚወድለትም ማቆየትንና ማብቃትን በአንዴ መያዙን ነው። የምዕራፉ ጽንሰ-ሐሳቦች «መኖር» እና «ምንም» ወደ «መሆን» (እየሆኑ ወደ መምጣት) ሲያልፉ ይሻራሉ፤ ግን አይጠፉም።

መጀመሪያ «መሻር» አልኩ። ማቆየቱ ጠፋ። ቀጥሎ «ማንሳት»ን ሞከርኩ። ይኼ ደስ ይላል፤ ዕቃም ይነሳል፣ እገዳም ይነሳል። ማቆየቱ ግን አሁንም አይሰማም። «አንስቶ ማስቀመጥ» ደግሞ ሁለት ሥራ አስመሰለው፤ ሄግል ዘንድ አንድ እንቅስቃሴ ነው። ጀርመንኛውን እንዳለ መተው አልፈልግም። አንባቢው በራሱ ቋንቋ እንዲያስብበት እፈልጋለሁ።

መሻርን፣ ማቆየትንና ከፍ ማድረግን አንድ ላይ የሚሸከም የአማርኛ ወይም የግዕዝ ግስ የቱ ነው?